ከእትየ ጠጅቱ ማሳ ወጣ የተባለው ኩራዝ

ሐምሌ ሁለት ቀን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ከጎንደር ስነሳ የያዝኩት አንድ ማስታወሻ ደብተር፣ ሁለት እርሳስ፣ የሃያ ሜትር መለኪያ፣ ማጉያ መነጽር፣ አጎበር፣ ቅያሪ ልብስና ራሴ የጻፍኩት ደብዳቤ ቅጂ ነበር። ወደ መተማ ያስኬደኝም ይኸው ደብዳቤ ነው።

የምሠራው በአንድ አነስተኛ የቅርስ ማከማቻ ውስጥ ነው። የሚመጣውን ዕቃ እለካለሁ፣ እገልጻለሁ፣ ቁጥር እሰጣለሁ፣ በመዝገብ አሰፍራለሁ። ግንቦት ሲያልቅ ከወረዳው የባህል ዴስክ አንድ ፎቶግራፍ ደረሰን። ከመዳፍ የማይበልጥ ክብ የሸክላ ኩራዝ ነው። አጭር አፍንጫ አለው፤ በላዩ ክንፉን የዘረጋ ወፍ ተቀርጾበታል። ከፎቶው ሥር «ቆቂት አካባቢ፣ ከወይዘሮ ጠጅቱ ማሳ በትራክተር ሲታረስ የወጣ» የሚል ተጽፏል።

ይኸን ዓይነት ኩራዝ በመጻሕፍት አውቀዋለሁ። የሮማ ዘመን ሥራ ነው። ሸክላው በቅርጽ ማውጫ ተጭኖ በብዛት ይሠራ ነበር፤ ዘይቱ በመሐል ቀዳዳ ይገባል፣ ክሩ በአፍንጫው ይወጣል። በነጋዴ እጅ በአባይም በቀይ ባሕርም በኩል ሩቅ ተጉዟል። ቅርጹ በየዘመኑ ይለዋወጥ ስለነበር፣ በቁፋሮ ሲገኝ አብሮት ያለውን አፈር ዕድሜ ይናገራል። የሚናገረው ግን ከየት እንደወጣ በትክክል ሲታወቅ ነው። ስለዚህ «ቦታው በባለሙያ እስኪታይ መሬቱ እንዳይነካ» ብዬ ጻፍኩ።

ፊደል የቆጠርኩት በሃያ አራት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው የጻፈውን ሦስት ጊዜ ያነባል። ያን ደብዳቤም ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ እስከ መቼ እንደሆነ አለመጻፌን ግን አላየሁም። ሰኔ ሊያልቅ ሲል የባህል ዴስኩ ባለሙያ አቶ መልካሙ ስልክ ደውሎ፣ የሴትዮዋ አራት ሄክታር መሬት በደብዳቤዬ መሠረት መታገዱን፣ እስካሁንም ለዘር አለመታረሱን፣ ሴትዮዋም በየቀኑ ቢሮው እየመጡ እንደሚቀመጡ ነገረኝ። ሰሊጥ ደግሞ የሐምሌ አጋማሽ ካለፈ አይዘራም። አለቃዬን አስፈቅጄ ተነሣሁ።

ጎንደር – አይከል – ገንዳ ውኃ

የሚኒባሱ ሒሳብ ስድስት መቶ ብር ነው። ከአዘዞ ወጥተን አይከል እስክንደርስ ጭጋግ ስለነበር ሹፌሩ መብራት አብርቶ ነበር የሚነዳው። አይከል ላይ ድንች ቅቅል በሚጥሚጣ በላሁ፤ ሃምሳ ብር። አጠገቤ የተቀመጠው ከጎጃም ለአረም ሥራ የሚወርድ ሰው ነበር፤ ሸራውንና ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ እግሩ ሥር አድርጓል።

«ለንግድ ነሽ ለመንግሥት?» አለኝ።

«ለአንድ ኩራዝ።»

«ልትገዢ?»

«ልመረምር።»

ወደ እኔ ዞረ። «ስልኩ ሁሉ ባትሪ ሆኖ ሳለ ኩራዝ የሚመረምር ሰው መንግሥት ይከፍለዋል?»

ረዳቱ ከበሩ ዞር ብሎ «ተወው፤ ገንዳ ውኃ መብራት ሲጠፋ ማን ያስቃል እናያለን» አለውና መኪናው ሳቀ።

ከነጋዴ ባሕር በኋላ አየሩ ተለወጠ። ሹራብ እየተወለቀ ወደ ቦርሳ ገባ። ቅጠል ያወጡት የእጣን ዛፎች ከድንጋያማው ተረተር ላይ በግራና በቀኝ ታዩ፤ ከዚያ ወዲያ ሜዳው ተዘረጋ። ሦስት ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን። በሁለተኛው የፈተሸኝ ሰው ማጉያ መነጽሬን አንሥቶ መዳፉን ካየበት በኋላ፣ ለባልደረባው አሳይቶ መለሰልኝ። ገንዳ ውኃ ስንገባ ሰባት ሰዓት አልፏል።

የአቶ መልካሙ ቢሮ የባህልም፣ የቱሪዝምም፣ የስፖርትም ነው። ኩራዙ ከዋንጫና ከኳስ መሐል፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ፣ በወረዳው ቡድን ማልያ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። መልካሙ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ትሑትና ፈጣን ሰው ነው።

«አጥቤ ነው ያስቀመጥኩት፤ ለፎቶው እንዲያምር» አለኝ።

«በምን?»

«በልብስ ሳሙና። አፍንጫውን በጥርስ ብሩሽ።»

ካርቶኑን ወደ እኔ ሳብኩ። ጥቀርሻውም፣ የደረቀ ዘይት ካለበትም፣ አፈሩም አብረው ሄደዋል ማለት ነው። ኩራዙን ገልብጬ መቀመጫውን በማጉያው አየሁት። የጥፍር ያህል ቦታ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር አለ፤ በላዩ የቀጭን ብዕር ርዝራዥ ይታያል። አንድ ዘመም ያለ ሰረዝ፣ የአራት ቁጥር እግር፣ ከዚያ ሙሉ ሰባት። ሌላውን ሳሙናው ወስዶታል።

ይኸን ምልክት በየቀኑ እሠራዋለሁ። ዕቃው ከማይታይበት ጎኑ ቀጭን ቫርኒሽ ይቀባል፣ ቁጥሩ በላዩ ይጻፋል፣ ደግሞ ይቀባል። ከቁፋሮ ወጥቶ መዝገብ የገባ ዕቃ ምልክት ነው። በትራክተር የወጣ ኩራዝ ሊኖረው አይችልም። ለአቶ መልካሙ ግን ወዲያው አልነገርኩትም። መሬቱን ሳላይ መናገር ያንኑ ስሕተቴን መድገም መሰለኝ።

«ለዞን ሪፖርት አድርጌያለሁ፤ ሬዲዮም መጥቶ ቀድቶናል» አለኝ ካርቶኑን እየዘጋ። «የሮማ መብራት ከእኛ ወረዳ። ቦታው ከታጠረ መንገድ ይገባል፣ ጎብኚ ይመጣል።»

«የሴትዮዋ አዝመራስ?»

«እሱ ነው የከበደኝ» አለ። «እዚች ወንበር ላይ እየመጡ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።»

ያደርኩት አልጋ ሦስት መቶ ብር ነበር። መብራት ጠፋ፤ ረዳቱን አስታወስኩት።

ማሳው

በማግሥቱ ከመልካሙ ጋር ኩራዙን ይዘን በባጃጅ ወደ ቆቂት ሄድን። ዋናውን መንገድ ስንለቅ ባጃጁ በጭቃ ተያዘ፤ ሹፌሩ «ከዚህ ወዲያ የትራክተር እንጂ የእኔ አገር አይደለም» ብሎ ተመለሰ። አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። ጥቁር ዋልካ ስለሆነ በእያንዳንዱ እርምጃ ጫማዬ ይከብዳል። በሁለቱም ወገን ያለው የጎረቤት ሰሊጥ ሁለት ጣት ያህል በቅሎ በመስመር ቆሟል። የእትየ ጠጅቱ ማሳ ላይ ያለው አረም ግን ጉልበት ይደርሳል።

እትየ ጠጅቱ ስድሳ ዓመት ይሆናቸዋል። ረጅም ናቸው፤ የሞቱትን የባላቸውን የጎማ ቦት ጫማ ተጫምተዋል። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ባለ ደብዳቤዋ ይች ናት?» አሉ ወደ መልካሙ ዞረው። «እኔ በወረቀቱ ክብደት ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ ነበር የጠበቅሁ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እትየ» አልኩ።

«ስለ ይቅርታው ከሰሊጡ ጋር ተነጋገሪ። ልጄ፣ መሬቱ ስንት ቀን ቀረው? አሥር? አሥራ ሁለት? እሱን ንገሪኝ።»

«ዛሬና ነገ እጨርሳለሁ» አልኳቸው።

ኩራዙ የወጣበትን ቦታ እንዲያሳዩን ጠየቅኳቸው። ወደ አንዲት ግራር መሩን፤ ችካል ተከልኩ። ከዚያ ማሳውን በገመድ ከፍለን፣ እኔና መልካሙ አምስት እርምጃ ተራርቀን፣ አጎንብሰን ከዳር እስከ ዳር መሄድ ጀመርን። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ከመሬት ላይ ዓይን አይነሣም። መልካሙ ቀትር ላይ ቀና ብሎ «በስፖርት ዘርፍ ሳለሁ ወገቤ ደኅና ነበር» አለ።

ሰዎች የኖሩበት ወይም ያለፉበት የጥንት ቦታ ስባሪ ሸክላ አያጣም፤ ማረሻ በነካው ቁጥር ይወጣል። እኛ ያገኘነው የማረሻ ብሎን፣ የለስላሳ ጠርሙስ ክዳንና አንድ የጎማ ጫማ ሶል ነው። አንዲት ጥንታዊ ስባሪ የለም። ጥላ ሥር ተቀምጬ፣ ብሩሹ ካልደረሰበት የኩራዙ አፍንጫ ውስጥ በመርፌ ቁንጣሪ አፈር አወጣሁ። ነጣ ያለ ደቃቅ አሸዋ ነው። ጫማዬ ላይ የተጣበቀው ጥቁር ጭቃ ደግሞ እንደ ሊጥ ነው። ሁለቱን በሁለት ወረቀት ላይ አኑሬ አየኋቸው።

ከሰዓት በኋላ በማሳው ማዶ በኩል ሳለን እትየ ጠጅቱን «እንደገና ያሳዩኝ፣ የት ነበር?» አልኳቸው። አንድ የምሥጥ ኩይሳ አሳዩኝ። ከግራሯ መቶ እርምጃ ይርቃል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ መጣ። ሱዳኖች ራኩባ ወደሚሉት፣ ከቤታቸው ፊት ለፊት ወዳለው የሣር ዳስ ገባን። የማሽላ እንጀራ በባምያ ወጥ አቀረቡልን። መልካሙ በልቶ ጠፍር አልጋ ላይ ጋደም አለና ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው።

«እትየ» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ኩራዙ ላይ ከእኔ በፊት ቁጥር የጻፈበት ሰው አለ። መሬት ውስጥ ያለ ነገር ቁጥር የለውም።»

«ማረሻ ነው ያወጣው።»

«ጧት ግራሯ ሥር አሉኝ። አሁን ኩይሳው ዘንድ።»

ሰሃኑን ሰበሰቡ። «ሴት ልጅ እንዲህ አጥብቃ ስትጠይቅ ባል አታገኝም።»

«አላገኘሁም» አልኩ።

ሳቁ። ሲስቁ ፊታቸው ተለወጠ። ወደተኛው መልካሙ አይተው፣ መደቡ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ።

«የአደራ ዕቃ ነው» አሉ።

ነገሩን በአጭሩ እንዲህ አስረዱኝ። ባላቸው አቶ ባየ ዘጠኝ ዓመት ሱዳን ሠርተዋል፤ አባይ ዳር ነጮች የጥንት ነገር በሚቆፍሩበት ቦታ አካፋና ብሩሽ ይይዙ ነበር። እዚያ እድሪስ የሚባል የማከማቻ ጠባቂ ወዳጃቸው ሆነ። አቶ ባየ ወደ አገራቸው ተመልሰው፣ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። አምና ከካርቱም በኩል ጦርነቱን ሸሽተው ከመጡት ጋር እድሪስ ወዳጁን ፍለጋ እዚህ ደረሰ። በወባ ነድዶ ነበር። ሐዘን ቤት ገባ፣ አንድ ወር ታመመ፣ ሲሻለው ኩራዟን «አደራ» ብሎ አስቀምጦ ከኋላው የምትመጣውን ሴት ልጁን እዚያ ሆኖ ለመጠበቅ ወደ መተማ ዮሐንስ ሄደ።

«እንግዲህ አረም አራሚ አይቶት ወሬ ሆነ» አሉ። «መልካሙ ፖሊስ አስከትሎ መጣ። ከወዲያ የመጣ ነው ብል ኮንትሮባንድ ነው። ያለ ቀረጥ የገባ ስኳር እንኳ ሰው ያሳስራል፤ እድሪስን ሊይዙት አይደል? ከመሬቴ ወጣ አልኩ። መሬት ኮንትሮባንድ አይሠራም።»

«ከዚያስ መሬቱ ሲታገድ?»

«መሬት ይታሰራል ብየ መቸ አሰብኩ።»

«ያኔ መናገር ይችሉ ነበር።»

«ማሳ ጦሙን ቢያድር ለከርሞ ይዘራል» አሉ። «አደራ የበላ ሰው ምን ዘርቶ ያበቅላል?»

ቀና ብለው አዝመራ የሌለውን መሬት አላዩም። እኔ ግን አየሁት። «ምንም አልተገኘም» ብዬ ብጽፍ መሬቱ ይፈታል፤ ኩራዙ ግን በመተማ ተገኘ ተብሎ መዝገብ ውስጥ ይቀራል፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላም ያን አምኖ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው አይጠፋም። እውነቱን ብጽፍ መሬቱ ይፈታል፤ እድሪስ ግን ሌባ ይባላል። ሁለቱንም ለእትየ ጠጅቱ ነገርኳቸው፤ ሰውየውን ሳላገኝ ምንም እንደማልጽፍም ቃል ገባሁ።

«እሱ ካልተስማማስ?»

«እሱ ካልተስማማ አልጽፍም። የሚያልቀው ግን የእርስዎ ቀን ነው።»

«እሱን እኔ አውቃለሁ» አሉ።

መልካሙ ሲነቃ ሁለታችንም ነገርነው። ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ጠረገ። «ሬዲዮውን ምን ልበለው?» ነበር ያለው።

መተማ ዮሐንስ

ሐምሌ አራት ቀን ሦስታችንም በጠዋት ሚኒባስ ወደ ጠረፉ ሄድን። የጭነት መኪኖች ከከተማው መግቢያ ጀምረው ተሰልፈዋል፤ ሹፌሮቹ ከሥራቸው ምንጣፍ ዘርግተው ተኝተዋል። ከሱዳን በሚያገናኘው ድልድይ በኩል ሰው ዕቃውን በራሱ ተሸክሞ ይሻገራል። ሙቀቱ ከመበርታቱ የተነሣ ማስታወሻ ደብተሬ ከእጄ ላብ ጋር እየተጣበቀ አስቸገረኝ። ቁርሳችን ፉል በሰሊጥ ዘይት ነበር። እትየ ጠጅቱ ዘይቱን ቀምሰው «የአምና ነው» አሉ።

እዚያ ሰዉ ሁሉ «ዓም»፣ አጎት ማለት ነው፣ እያለ የሚጠራውን እድሪስን ያገኘነው ከመሻገሪያው ትይዩ፣ በሸራ ጥላ ሥር፣ አልጋ ሲጠፍር ነው። ሰባ ዓመት ይጠጋዋል፤ ነጭ ጀላቢያው ጉልበቱ ላይ ተጥፏል። የሚሻገረው ሰው እንዲታየው አድርጎ ነው የተቀመጠው፤ ልጁ ከነልጆቿ እስካሁን አልመጣችም። አማርኛውን የተማረው ከአቶ ባየ ስለሆነ ንግግሩ የጎንደር ነው።

እትየ ጠጅቱ ጉንጩን ሳሙት። «አንተ ሰውየ ከሳህ» አሉት።

«አንች መሬትሽ ታሰረ አሉ። ስለኔ ነው?»

«ስለ ምላሴ ነው።»

መልካሙ ካርቶኑን ከፈተ። ዓም እድሪስ እጁን በጀላቢያው ጠርጎ ኩራዙን አነሣ። ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው። ፊቱ ጠቆረ።

«ማን አጠበው?»

«እኔ» አለ መልካሙ።

«በሳሙና?»

«በሳሙና።»

«ቁፋሮ ላይ ብትሆን ኖሮ የዛን ቀን ምሳ አትበላም ነበር» አለው። መልካሙ ካርቶኑን አየ።

ቁጥሩን በቃሉ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅኩት፤ ኩራዙ ላይ ምን እንደቀረ ግን አልነገርኩትም፣ ደብተሬንም ዘግቼ ነበር። ኩራዙን ሳይገለብጥ በጣቱ አሸዋው ላይ ጻፈ። አሥራ ሁለት፣ ሰረዝ፣ አርባ ሰባት። «አሥራ ሁለተኛው ጉድጓድ፣ አርባ ሰባተኛው ዕቃ» አለ። ገልብጬ አሳየሁት። ሰረዙ፣ የአራቱ እግር፣ ሰባቱ እዚያው ነበሩ። ትልቅ ሸክም የወረደልኝ ያኔ ነው።

«ኡስታዛ» አለኝ፣ መምህርት ማለቱ ነው፤ «ሌባ ብለሽ ልትጽፊኝ ነው?»

«ምን ብዬ እንደምጽፍ አንተ ንገረኝ።»

የማከማቻው በር ተሰብሮ ሰዎች የፈለጉትን እየወሰዱ እንደነበር ነገረኝ። ከመሸሹ በፊት የወጪ መዝገቡን ከፍቶ «አንድ ኩራዝ፣ የወሰድኩ እድሪስ ጠባቂው» ብሎ ጽፎ ፈርሟል። መዝገቡ አሁን ይኑር ይቃጠል አያውቅም። «ጠባቂ ሳይፈርም ዕቃ አያወጣም» አለ።

«ከዚያ ሁሉ ዕቃ ለምን ይኸን?»

ወደ እትየ ጠጅቱ አየ።

«ያወጣው ባየ ነው» አላቸው። «ቀትር ላይ ነበር። ሌላው ሠራተኛ አካፋውን ጥሎ ወደ ጥላ ሲሄድ እሱ እጁ አንድ ነገር ነካ፤ አልጎተተም፣ ዝም ብሎ ጠራን። እስከ ማታ በብሩሽ ነው ያወጣው። ወፉ ሲታይ ደመወዙን የረሳ መሰለኝ። ኸዋጃው፣ ነጩ አለቃ፣ ፎቶ ሊያነሣ ሲል እጅህን ከዚያ አንሣ አለው። አነሣ። በመጽሐፋቸው ኩራዙ አለ፣ መለኪያው አለ፣ ባየ የለም። ሁሌ ይኸን ጠጅቱ ብታይ ይል ነበር። ላሳየው ባመጣ ሞቶ አገኘሁ። ላንች ልንገር ስል ወባው፣ ከዚያ ሐዘንሽ... አደራ ብየ ሄድኩ።»

እትየ ጠጅቱ እጃቸውን ዘረጉ፤ ኩራዙን ሰጣቸው። ብዙ ጊዜ አዩት። ወፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

«ለዚህ ነው ዘጠኝ ዓመት የተቀመጠ?» አሉ።

«የተቀመጠ ለደመወዙ ነው» አለ ዓም እድሪስ። «ይች ግን ደስ ብሎት ያወጣት ናት።»

እዚያው ጥላ ሥር ረቂቁን ጻፍኩ። ኩራዙ ከማሳው እንዳልወጣ፣ በማከማቻ ጠባቂው በእድሪስ እጅ ከጥፋት ለማዳን እንደመጣ፣ የተሰረቀ ሳይሆን በመዝገብ የወጣ እንደሆነ፣ ቁጥሩንም በምን እንዳረጋገጥኩ፣ ለአገሩ እስኪመለስ በእኛ ማከማቻ በአደራ እንደሚቀመጥ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው። ዓም እድሪስ አንድ ቦታ አስቆመኝ፤ «ሸሽቶ ሲመጣ» የሚለውን «ሲመጣ» ብቻ በይው አለኝ። ለወጥኩት። ከዚያ በዓረብኛ ፈረመ።

መልካሙ እስክሪብቶውን ይዞ ቆየ። «ለዞን ተሳስቻለሁ ብዬ ልጻፍ?»

«መጀመሪያ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ በፎቶ ብቻ አይቼ መሬት ያሳገድኩ። የእኔ ደብዳቤ ይቅደም፣ ያንተ ይከተል።»

ፈረመ። የመሬቱን እግድ የሚያነሣውንም ወረቀት ከቦርሳው ማኅተም አውጥቶ እዚያው ጻፈ። እትየ ጠጅቱ ወረቀቱን አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ አስገቡና ወዲያው ለትራክተር ባለቤቱ ደወሉ። «ነገ ጧት። ኧረ አልቀልድም። ወረቀቱ በመቀነቴ ነው።»

የቀረው ጠረፉ ላይ ያለው የጉምሩክ ቢሮ ነበር፤ ኩራዙ ያለ እነሱ ማኅተም ወደ ጎንደር ቢሄድ በየኬላው ኮንትሮባንድ ነው። ሁላችንም ሄድን። እስከ አሥር ሰዓት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ጸሐፊው ፎርም አወጣ።

«ዋጋው ስንት ነው?»

«ለሽያጭ አይደለም» አልኩ።

«ዋጋ የሌለው ነገር በዚህ ፎርም አይሞላም።»

«ሌላ ፎርም የለም?»

«የከብት አለ።»

ወደ ኃላፊው መራን። ኃላፊው ረቂቄን እስከ መጨረሻው አነበበ፤ እንዲህ የሚያነብ ሰው አከብራለሁ። ከዚያ ዓም እድሪስን ጠየቀው።

«ዕቃው ያንተ ነው?»

«አይደለም።»

«የእሳቸው?» አለ እትየ ጠጅቱን እያመለከተ።

«አይደለም።»

«ታዲያ የማን ነው?»

«የማከማቻው። በሩ እስኪጠገን ነው።»

ኃላፊው ወረቀቱ ግርጌ «የአደራ ቅርስ፣ ቀረጥ የማይመለከተው፣ ይለፍ» ብሎ በእጁ ጻፈና ማኅተም አደረገበት። ዓም እድሪስ ቅጂውን ተቀብሎ ጀላቢያው ኪስ ውስጥ ከተተ፤ ስንለያይ አልጋው ዘንድ ተመልሶ ጠፍሩን ማጥበቅ ጀምሮ ነበር። ዓይኑ መሻገሪያው ላይ ነው።

መልስ

ሐምሌ አምስት ቀን ገንዳ ውኃ ላይ መኪና ሳይገኝ ዋልኩ፤ ሌሊቱን ከባድ ዝናብ ጥሎ ነበር። ሐምሌ ስድስት ቀን ተሳፈርኩ። ሒሳቡ ሲመለሱ ሰባት መቶ ነው፤ ምክንያቱን ስጠይቅ ረዳቱ «ዳገት ነው» አለኝ። ኩራዙን በሹራቤ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዤው ነበር። ሦስቱም ኬላ ላይ ወረቀቱን አነበቡ፣ ሦስቱም አሳለፉኝ። አይከል ላይ ብርዱ ሲጀምር ሹራቡን ፈትቼ መልበስ አልቻልኩም፤ ጎንደር እስክገባ ተንቀጠቀጥኩ።

መልካሙ ከሳምንት በኋላ ወሬውን አደረሰኝ። ዝናቡ ዋልካውን ስላበላሸው ትራክተሩ ማሳው የገባው ሐምሌ ሰባት ቀን ነው። ከላይኛው ወገን ሦስቱ ሄክታር ሰሊጥ ተዘርቷል። ታችኛው ውኃ ስለቋጠረ ለሰሊጥ አልደረሰም፤ እትየ ጠጅቱ ማሽላ ያደርጉታል። ያች አንድ ሄክታር በእኔ ደብዳቤ የተበላች ናት፤ በመልካሙ ሪፖርት ውስጥ እንዲህ ተብሎ እንዲጻፍም ጠይቄያለሁ። ዓም እድሪስ ልጁን እስካሁን አላገኘም።

ከጉዞው የተማርኩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቀላል ነው፤ አሁን እግድ ስጽፍ የሚያበቃበትን ቀን እጽፋለሁ፣ ያ ቀን ሳይደርስም ራሴ እሄዳለሁ። ሁለተኛው ሥራ ሆኖብኛል። ለኩራዙ የአደራ ካርድ ሳዘጋጅ «ያገኘው» የሚል መስመር ላይ ደረስኩ። «ባየ፣ የቁፋሮ ሠራተኛ፣ አሥራ ሁለተኛው ጉድጓድ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በዓመታት ውስጥ በራሴ እጅ የጻፍኳቸውን የቆዩ ካርዶች አወጣሁ። በዚያ መስመር ላይ የቁፋሮው መሪ ስም አለ፣ «የአካባቢው ገበሬ» አለ፣ «የጉልበት ሠራተኛ» አለ። ስሙን ማንም ስላልነገረኝ አልጻፍኩም፤ ስላልጠየቅኩ ደግሞ ማንም አልነገረኝም።

የአግኚዎቹን ስም ፍለጋ ለየወረዳው ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው። እስካሁን ሁለት ስም መጥቷል። አንዷ ሴት ናት፤ ዕቃውን ያገኘችው ለእንስራ ማስቀመጫ መሬት ስትቆፍር ነው።